ቀዩ ኤል በስንት ዲግሪ ይፈላል?

[ምስል፦ መስኮት ዳር ሁለት ብርጭቆ ቀይ ቢራ። ካሜራው ቀስ ብሎ ይጠጋል።]

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አላችሁ? እስቲ እነዚህን ሁለት ብርጭቆ ቀይ ኤል እዩልኝ፤ ኤል የቢራ ዓይነት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ ጠቆር ያለ ሻይ ይመስላሉ። ወደ ብርሃኑ ሳነሳቸው ግን ቅላታቸው ቦግ ይላል። በመልክ አይለያዩም።

ሁለቱም የወጡት ከአንድ ድስት ነው። ብቅላቸው አንድ፣ ውሃቸው አንድ፣ እርሾአቸውም አንድ። የጠመቅኳቸው በአንድ ቅዳሜ ነው። ከድስቱ ሲወጡ ግን ለሁለት ባልዲ ከፈልኳቸው። አንዱን ምድር ቤት አወረድኩትና 18 ዲግሪ ላይ ያዝኩት። ሌላውን ማድ ቤት ጥግ ላይ ተውኩት። እሱ በሁለተኛው ቀን 26 ዲግሪ ደረሰ።

[ምስል፦ የግራው ብርጭቆ ለብቻው።]

ይሄ የምድር ቤቱ ነው። ስትቀምሱት መጀመሪያ ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ይመጣል፤ ስኳር መጥበሻ ላይ ቀልጦ ቡናማ መሆን ሲጀምር የሚሸተው ዓይነት። ከዋጣችሁት በኋላ የገብስ ቆሎ ጣዕም ምላስ ላይ ይቀራል። ቀይ ኤል እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

ይሄ ደግሞ የማድ ቤቱ ነው። ገና ሳይቀመስ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ሲዋጥ እንደ አረቄ ጉሮሮ ይለበልባል። አልኮሉ ከጓደኛው አይበልጥም፤ ሁለቱም 4.5 በመቶ አካባቢ ናቸው። የተለያዩት በ8 ዲግሪ ብቻ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያች 8 ዲግሪ ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልበል። እኔ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቤት ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። አንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን መጥመቅ ይችላል። መሸጥ ግን ክልክል ነው። ሳዑዲ ወይም ኩዌት ሆናችሁ የምታዩኝ፣ እናንተ ጋ መጥመቁም መጠጣቱም በሕግ የተከለከለ ነው። እባካችሁ እንዳትሞክሩት።

[ምስል፦ መዳፍ ላይ የተያዘ ጥቁር የተቆላ ገብስ።]

እኔ የጠመቅኩት የአየርላንዱን ቀይ ኤል ነው። ከዚህ ዓይነት ስሙ የገነነው ስሚዲክስ ነው፤ ኪልኬኒ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1710 የተመሠረተ ጠመቃ ቤት። ቅላቱ ከፍራፍሬ ወይም ከቀለም አይመጣም። የሚመጣው እጄ ላይ ከምታዩት ነው፤ እስኪጠቁር ከተቆላ ገብስ። ለ19 ሊትር 80 ግራም፣ አንድ እፍኝ ቢሆን ነው። ከዚህ ከጨመራችሁበት ቀይነቱ ወደ ጥቁር ይሄዳል።

እናቱ ጠላ ስትጠምቅ ያየ ሰው ይሄ አይገርመውም። እንኩሮው ጠቆር ብሎ ከተቆላ ጠላው ይጠቁራል። ሳሳ ካለ ጠላውም ፈካ ይላል። የቢራ ጠማቂዎችም ብልሃት ይኸው ነው።

የቀረውን ቶሎ ልንገራችሁ። 3.6 ኪሎ የእንግሊዝ ፈዛዛ ብቅል፣ 340 ግራም ክሪስታል 40 የሚባለው የካራሜል ብቅል፣ እና ያቺ እፍኝ ገብስ። የተከካውን ብቅል በ67 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ። ከዚያ አጠለውና ጭማቂውን አንድ ሰዓት አፈላዋለሁ። ፈላ ሲል 35 ግራም ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ የሚባለውን ሆፕስ እጨምራለሁ። ሆፕስ ከጌሾ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም፤ ሥራቸው ግን ይመሳሰላል። ቢራውን መራራ ያደርገዋል፣ የሚያበላሹትን ባክቴሪያዎችም ያዳክማል።

ብቅሉ ላይ 100 ግራም ብትስቱ ምንም አይደለም። ሆፕሱ ላይ ብትስቱም ቢራው ይጠጣል። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ስህተት የማይወደው።

[ምስል፦ ክዳኑ የተገጠመ ባልዲ። ቀጭኗ የአየር ማስወጫ እየተንቡቀቡቀች።]

በአማርኛ ውሃም ይፈላል፣ ጠላም ይፈላል። ቃሉ አንድ ነው። ልጅ ሆኜ ጆሮዬን ጋኑ ላይ እለጥፍ ነበር። ውስጡ ጭስስስ ይላል። እናቴ "ተው፣ እየፈላ ነው፤ አትነካካው" ትለኛለች። ከሥሩ እሳት የለም። እሳት ሳይኖር እንዴት ይፈላል እያልኩ አስብ ነበር።

አሁን ሳስበው ቃሉ ልክ ነው። እርሾ ስኳሩን ሲበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የምንረሳው ሦስተኛውን ነው፤ ሙቀት ያወጣል። ባልዲው ራሱን ያሞቃል። ክፍላችሁ 21 ዲግሪ ቢሆን፣ ፍላቱ ሲበረታ ባልዲው ውስጥ ያለው 25 ወይም 26 ሊገባ ይችላል። የማድ ቤቱ ባልዲ የሆነው ይኸው ነው። ማድ ቤቴ እኮ አልሞቀም ነበር። ለሰው የሚመች 21 ዲግሪ ነበር።

የእርሾው ፓኬት ላይ የተጻፈውን ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ለምሳሌ ዋይስት 1084 የሚባለው የአየርላንድ ኤል እርሾ ከ17 እስከ 22 ዲግሪ እንደሚሠራ ተጽፎበታል። ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞስታት ያይና "21 ነው፣ ደህና ነኝ" ይላል። ፓኬቱ የሚያወራው ግን ስለ ቢራው ሙቀት ነው። የክፍሉን ለካችሁ ማለት ምንም አልለካችሁም ማለት ነው።

ሙቀቱ ለምን ይጎዳል? እርሾ ባልዲው ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መራባት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ቁጥሩ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ሙቀቱ ሲበዛ በጥድፊያ ነው የሚራባው፤ በዚያ ጥድፊያ መሀል የማንፈልጋቸውን ነገሮች አብዝቶ ይሠራል። አንደኛው ፊውዝል የሚባሉት ከባድ አልኮሎች ናቸው፤ ጉሮሮ የሚለበልቡት እነሱ ናቸው። ሁለተኛው ኤስተሮች ናቸው። ከኤስተሮቹ አንዱ ልክ እንደ ሙዝ ይሸታል፣ ሌላው ያንን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ያመጣል። የሙዙን ሽታ ሆን ብለው የሚፈልጉ ቢራዎች አሉ፤ የጀርመኑ የስንዴ ቢራ አንዱ ነው። የአየርላንድ ቀይ ግን የብቅል ቢራ ነው። ሙዝ ከገባበት ያቺ የቆሎ ጣዕም ትጠፋለች።

ክፉው ነገር ደግሞ ፊውዝል አንዴ ከተፈጠረ እርሾው መልሶ አያነሳውም። በማቆየት አይድንም። የመጀመሪያዬን ቢራ የጠመቅኩት በሐምሌ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ነበር። ይሻለዋል ብዬ አራት ወር ጠበቅኩት። በመጨረሻ 19 ሊትሩን በሙሉ ደፋሁት። በጣም አዘንኩ። ያሳዘነኝ ገንዘቡ አይደለም። ያን ሁሉ ሰዓት ቆሜ ያጠለልኩት ብቅል ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ፤ ሴፕቴምበር 29 እና ኤፕሪል 23 ተከብበዋል።]

የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ምክንያቱን ሳይሆን ውጤቱን። እ.ኤ.አ. በ1553 የባቫሪያው መስፍን አልብሬክት አምስተኛ በበጋ ቢራ እንዳይጠመቅ ከለከለ። የተፈቀደው ከቅዱስ ሚካኤል ቀን እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ብቻ ነበር፤ በእነሱ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 29 እስከ ኤፕሪል 23። በሙቀት የተጠመቀው ሁሉ ይበላሽ ነበርና። እኔ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ በታቦት ቀን መቁጠር ለእኛ አዲስ አይደለም። ቢራን የሚያፈላው ሕይወት ያለው እርሾ መሆኑን ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በሙከራ ያሳየው ከዚያ 300 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

እሺ፣ እኛ ጊዮርጊስና ሚካኤልን ሳንጠብቅ እንዴት እናቀዝቅዘው?

[ምስል፦ ምድር ቤት። ትልቅ ሳፋ ውስጥ የቆመ ባልዲ፣ እርጥብ ካናቴራ ለብሶ።]

ርካሹን ላሳያችሁ። ትልቅ ሳፋ አምጡ። ባልዲውን መሀሉ አቁሙና ውሃ ሙሉበት፤ ውሃው የባልዲውን ግማሽ ይድረስ። አንድ ያረጀ ካናቴራ ለባልዲው አልብሱት፤ ጫፉ ውሃው ውስጥ ይንከር። ጨርቁ ውሃውን ወደ ላይ ይስባል፣ ውሃው ይተናል፣ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከእንስራ የተቀዳ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ታውቃላችሁ አይደል? ሸክላው ስለሚያልበው ነው። ይሄም ያው ነው። ቬንቲሌተር ካዞራችሁበት የበለጠ ይቀዘቅዛል። ኮሎራዶ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ይሄ በጣም ይሠራል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ግን በጋው ወበቅ ነው፤ ውሃው እንደ ልብ አይተንም። እናንተ በረዶ ያስፈልጋችኋል። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ ሳፋው ውስጥ ጣሉ፣ የቀለጠውን መልሱ።

የሳፋው ውሃ ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። እዚህ ሌሊቱና ቀኑ በጣም ይራራቃል። እርሾ ደግሞ መዋዠቅ አይወድም። ሌሊት ድንገት ከቀዘቀዘ ተኝቶ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቢራውም በጅምር ይቀራል።

አቅሙ ላለው አሮጌ ፍሪጅና የሙቀት መቆጣጠሪያ ይሻላል። መቆጣጠሪያው ፍሪጁን ራሱ ያበራል፣ ያጠፋል። እዚህ ላይ አንዲት ነገር ልብ በሉ።

[ምስል፦ ባልዲው ጎን ላይ በፕላስተር የተለጠፈ የመለኪያ ሽቦ፣ ከላዩ ስፖንጅ።]

የመለኪያውን ጫፍ አየር ላይ አታንጠልጥሉት። እንዲህ ባልዲው ጎን ላይ፣ ከፈሳሹ ከፍታ በታች ለጥፉት። ከላዩ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ አድርጉበትና በፕላስተር አጥብቁት። ስፖንጁ የፍሪጁን አየር ይከልላል፤ ስለዚህ የሚነበበው የቢራው ሙቀት ይሆናል። መጀመሪያ ላይ እኔ አንጠልጥዬው ነበር። ስክሪኑ 18 ሲል ቢራው 22 ነበር።

እና መነሻችሁን ቀዝቃዛ አድርጉት። ድስቱ ከወረደ በኋላ ጭማቂው 18 ዲግሪ እስኪደርስ እርሾ አትጨምሩ። 30 ላይ ጨምሮ "በኋላ ይቀዘቅዛል" ማለት አያዋጣም። ያ "በኋላ" እርሾው የሚራባበት ሰዓት ነው። ጭማቂው አልቀዘቅዝ ካለ ሌሊቱን ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት ጨምሩ። ባልዲውና ክዳኑ በሳኒታይዘር በደንብ የጸዳ ይሁን እንጂ ችግር የለውም።

[ምስል፦ የቴርሞሜትር ስክሪን፤ ከ18 ወደ 20 ሲወጣ።]

አሁን ነገሩ ይገለበጣል። እስካሁን አቀዝቅዙ አልኳችሁ። ከአራት ቀን በኋላ፣ አረፋው ሲወርድ፣ አሙቁት እላችኋለሁ። ወደ 20 ወይም 21 ከፍ አድርጉት።

ምክንያቱ ዳይአሲታይል የሚባል ነገር ነው። እርሾው እየሠራ ሳለ ትቶት የሚሄደው ነው። የሲኒማ ቤት ፈንዲሻ ላይ የሚፈስ ቅቤ ይሸታል። እንደ ፊውዝል አይደለም፤ ይሄን እርሾው መልሶ ይበላዋል። ለመብላት ግን ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል። አንዳንድ የአየርላንድ እርሾዎች ይህን ቅቤ ትንሽ ይተዋሉ። ስለዚህ አትቸኩሉ፣ ሁለት ሳምንት ስጡት። በዚህ ሰዓት መሞቁ አይጎዳውም፤ መራባቱ አልቋል፣ ፊውዝልም እንደ መጀመሪያው አይሠራም።

እናቴ በክረምት ጠላው ሲቀዘቅዝባት ጋኑን በጋቢ ትጠቀልለው ነበር። እጇን ጋኑ ላይ አድርጋ ነው የምታውቀው። ቴርሞሜትር አልነበራትም።

የአየር ማስወጫዋ ዝም አለች ማለት ፍላቱ አለቀ ማለት አይደለም። በሃይድሮሜትር ለኩ፤ የፈሳሹን እፍጋት ከውሃ ጋር እያነጻጸረ ስኳሩ ምን ያህል እንደቀነሰ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ሲጀምር 1.045 አካባቢ ነበር፤ ሲያልቅ 1.011 አካባቢ ይመጣል። ሦስት ቀን ተከታትሎ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ያኔ አለቀ። ሳያልቅ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ይሄ አደገኛ ነው፤ የመስታወት ስባሪ ዓይን ያጠፋል። ለ19 ሊትሩ 100 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ አፍልታችሁ ቀላቅሉ፣ በጠርሙስ ሙሉ፣ ክደኑ፣ ሁለት ሳምንት ክፍል ውስጥ አቆዩት። ስትጠጡት በጣም አይቀዝቅዝ። 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የቆሎው ጣዕም ይወጣል።

[ምስል፦ ምድር ቤት፣ የአሁኑ ባልዲ። ስክሪኑ 18.3 ይላል።]

ይሄኛው የረቡዕ ማታው ነው፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ። አረፋው ገና ከፍ እንዳለ ነው፤ ክዳኑን ነክቶታል። ጠዋት 18.6 ብሎ ስለነበር አንድ በረዶ ጨመርኩበት። ነገ ማታ አረፋው ከወረደ ሳፋውን አንስቼ ወደ 20 እለቀዋለሁ።