ሰፌድ የያዘችው መበለት

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ሂንዱ ሴት አማልክት እናገራለሁ ስላችሁ ብዙዎቻችሁ ካሊን ጠብቃችሁ ይሆናል። ምላሷን ያወጣችው፣ የራስ ቅል በአንገቷ ያጠለቀችው ካሊ ዝነኛ ናት። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት አንዲት አሮጊት ይዤ ነው። ስሟ ዱማቫቲ ይባላል። “ዱማ” በሳንስክሪት ጭስ ማለት ነው።

በታንትራ፣ ማለትም በሂንዱዎች የምሥጢር አምልኮ ትውፊት፣ “ማሃቪድያ” የሚባሉ አሥር ሴት አማልክት አሉ። ካሊ ቀዳሚዋ ስትሆን ዱማቫቲ አብዛኛውን ጊዜ ሰባተኛ ሆና ትቆጠራለች። ከአሥሩ መበለቷ እርሷ ብቻ ናት። ጥርሷ ወልቋል፣ ጸጉሯ ተንጨባሯል፣ ልብሷ አድፏል። የተቀመጠችበት ሠረገላ ፈረስ የለውም፤ ዓርማዋም ቁራ ነው። ሠረገላ ላይ ተቀምጦ የትም አለመሄድ! ሠዓሊው ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ዱማቫቲ አመጣጥ አንዱ ትረካ እንዲህ ይላል። ሳቲ የተባለችው አምላክ እጅግ ራባትና ባሏን፣ ታላቁን አምላክ ሺቫን፣ ምግብ ለመነችው። እምቢ ቢላት እርሱኑ ዋጠችው። በኋላ ከሆዷ የወጣው ሺቫ “መበለት ሁኚ” ብሎ ረገማት፤ ዱማቫቲም ሆነች። ልብ በሉ፤ ባል የሞተባት ሴት ሐዘኑ የሚመጣባት ከውጭ ነው፤ ይህች ግን መበለትነቷን በገዛ ረሃቧ ነው ያመጣችው። የሚያስፈራውም፣ እኔን የሚማርከኝም ይኸው ነው።

ፊቷን ተዉትና እጇን ተመልከቱ። ሰፌድ ይዛለች። ሰፌድ ምን እንደሚሠራ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ እናቶቻችን ሲያንገዋልሉ እያየን አድገናል። ገለባው ይበራል፣ ፍሬው ይቀራል። ባል፣ ውበት፣ ጥርስ፣ ፈረስ፣ ሁሉም ከዱማቫቲ ላይ በርሯል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረውን ነው ታንትረኞቹ ጥበብ የሚሉት። ምስኪን መስላ የምትታየው አሮጊት ለእነርሱ መምህር ናት።

እዚህ ላይ ግን ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። በሕንድ፣ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት፣ ዳቲያ ከተማ፣ ፒታምባራ ፒት በተባለው ስፍራ መቅደስ አላት፤ ያገቡ ሴቶች እንዳያዩዋት ግን ልማዱ ይከለክላል። መበለትነቷ እንዳይጋባባቸው ነው። በሕንድ መበለቶች እንደገና እንዲያገቡ የሚፈቅደው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1856 ነበር፤ እንደ ልማዱ ነጭ የለበሰችውን መበለት ከሠርግ የማራቁ ልማድ ግን ከሕጉ በኋላም ብዙ ዘመን ቆይቷል። አማልክት ተርታ መሰለፏም ዱማቫቲን ከዚህ ፍርሃት አላዳናትም። “ሴትን አምላክ ያደረገ ሕዝብ ሴትን ያከብራል” የሚለውን አባባል የማልቀበለው ለዚህ ነው።

ቫራናሲ በተባለችው የሕንድ ከተማ ደግሞ ሌላ ናት። እዚያ ባለው ቤተ መቅደሷ ያገቡትም ይመጣሉ፤ የሰፈሩ ሰዎች እንደ ጠባቂያቸው ያዩዋታል።

አሁን ሥዕሏን አሳያችኋለሁ፤ እባካችሁ መብራቱን ቀንሱልኝ። ዓይናችሁ መጀመሪያ ቁራው ላይ ያርፋል። ሰፌዷን ፈልጉ።