ከትንበያው በፊት ማሳው ይለካ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ?

የአፍሪካ ስታቲስቲክስ ቀንን ምክንያት በማድረግ ስለ ዕድገት ትንበያ እንድናገር ተጋብዣለሁ። አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ከትንበያው በፊት ግን ስለ አንድ የጤፍ ማሳ ላውራችሁ። ኅዳር ነው፤ አጨዳው ደርሷል።

እኔ መረጃ ሰብሳቢ ሳለሁ የነበረውን የገመድና የኮምፓስ ዘመን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጂፒኤስ የሚባል ነገር አልነበረም። ማሳውን ጎን በጎን በገመድ እንለካለን። ሰብሉ ሲደርስ ምርቱን ለመገመት ከማሳው ውስጥ 4 ሜትር በ4 ሜትር ከልለን እናጭዳለን፣ ወቅተን እንመዝናለን። ጎጃም ውስጥ አንድ የሽማግሌ ማሳ ደረሰኝ። ደጃፋቸው ላይ እንዳገኙኝ፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ለግብር ነው?» አሉኝ። «አይደለም አባቴ» አልኩ። «ታዲያ ለማዳበሪያው ዕዳ ነው?»

ጠላ ቀርቦልኝ ሳስረዳ መሸ። መሬታቸው ስንት እንደሆነ ስጠይቅ «ሦስት ጥማድ» አሉ። ጥማድ ደግሞ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነውና እንደ በሬውና እንደ አፈሩ ነው፤ አንዱ አገር ያለው ከሌላው አይገጥምም። በማግሥቱ ለካሁት። አጨዳው ሲደርስ ተመልሼ ብሄድ ማጭዳቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ሚዛኑን አብረን አየን። «እንግዲህ ያየኸውን ጻፍ» አሉኝ።

ያየሁትን ጻፍኩ። ከሳምንታት በኋላ አንድ የበላይ ጠራኝ። የእኔ ቁጥር ከወረዳው ሪፖርት በጣም አንሷል። «እስቲ እንደገና እየው» አለኝ። «እንደገና ለካው» ያለኝ መስሎኝ ገመዴን ለመያዝ ተነሣሁ። ለካ ቁጥሩን ከፍ አድርገው ማለቱ ነበር። እምቢ አልኩ። በቀጣዩ ዓመት ስሜ ከመስክ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። የእኚያ ሽማግሌ ጤፍ ግን ያው እንደተመዘነው ነበር!

ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ። ትንበያም የሚሠራው እንዲህ ባለ ቁጥር ነው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የዓለም ኢኮኖሚ ትንበያ ያወጣል። ጋዜጣው ከነጥብ በኋላ ያለችውን አሃዝ ሳይቀር ይዘግባል። የትንበያው ስሌት፣ ሞዴል የምንለው፣ እንደ ወፍጮ ነው፤ የገባለትን ይፈጫል። እህሉን የምናስገባው እኛ ነን።

ናይጄሪያን ተመልከቱ። በፈረንጆቹ 2014 የኢኮኖሚ ስሌቷን መነሻ ዓመት፣ ማለትም ዋጋውና የዘርፎቹ ድርሻ የሚወሰድበትን ዓመት፣ ከ1990 ወደ 2010 አዛወረች። የ2013 የአገር ውስጥ ምርቷ በአንድ ጊዜ 89 በመቶ ከፍ አለ። ደቡብ አፍሪካን በልጣ ከአህጉሩ አንደኛ ሆነች። ጋናም በ2010 ስሌቷን ስታድስ ጭማሪው 60 በመቶ ግድም ነበር። ሞባይሉም፣ ፊልሙም፣ ሱቁም ቀድሞ ነበሩ። በቅጡ የቆጠራቸው አልነበረም።

እኛስ? ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 103 ላይ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው በእኛ አቆጣጠር የ1999ኙ ነው። ያኔ 74 ሚሊዮን ግድም ነበርን። ተከታዩ ተላለፈ፤ በ2011ም እንደገና ተላለፈ። የጸጥታው ችግር እውነት ነው፣ አልክድም። ግን በዚያ ቆጠራ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የተቆጠረ ልጅ ዛሬ መራጭ ሆኗል! የነፍስ ወከፍ ገቢ ማለት ምርትን ለሕዝብ ቁጥር ማካፈል ነው። አካፋዩ ራሱ ግምት ከሆነ፣ ምኑን ይዘን ነው የምንተነብየው?

ስለ ምንዛሪም ጽፌ ነበር፤ ባጭሩ ልለፈው። በሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ኢኮኖሚያችን በዶላር ሲለካ መጠኑ ተለወጠ። በዚያ ሳምንት ማሳው ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ዝርዝሩን ከእኔ በኋላ የሚናገሩት ባለሙያዎች ያስረዷችኋል።

እኔ የምጠይቀው ለመረጃ ሰብሳቢው ነው። አበሉ በወቅቱ ይከፈለው። መኪናው በሰዓቱ ይድረስለት። ቁጥሩን ሲያስረክብ «አነሰ» ብሎ የሚመልሰው አለቃ አይኑር። ያነሰ ካነሰ፣ አነሰ ተብሎ ይጻፍ!

ዘንድሮ መስክ የምትወጡ ልጆች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። እስቲ ተነሡ፣ እንያችሁ።