ወገብ የማይሰብር የባቡር ሞዴል ቦርድ

[ምስል፦ ጠባብ ደረጃ፣ ከታች ወደ ላይ የተቀረጸ]

ሰላም ናችሁ! መጀመሪያ ይቺን ደረጃ እዩልኝ። የምኖረው ለንደን ነው። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያውን የባቡር ሞዴሌን ሳሎን ውስጥ ስምንት ወር ሙሉ ስሠራ ቆይቼ፣ በስንት ጉጉት ወደ ኤግዚቢሽን ልወስደው ስል እዚህች መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። ወደ ላይ አይል፣ ወደ ታች አይል። ጎረቤት ከላይም ከታችም ቆሞ ይጠብቃል። እኔና ጓደኛዬ ላብ በላብ ሆነናል። በመጨረሻ የጣቢያው ጣሪያ ግድግዳውን ታክኮ ረገፈ።

ስለዚህ የዛሬው ወሬ ስለ ባቡሩ ሳይሆን ባቡሩ ስለሚያርፍበት ነው። እንግሊዞቹ ቤዝቦርድ ይሉታል፣ እኔ ባጭሩ ቦርድ እላለሁ። አንድ ሰው ብቻውን ይዞት የሚወርድ፣ ትንሽ መኪና ውስጥ የሚገባ፣ እዚያ ሲደርስም እግሩን ተክሎ ሳይነቃነቅ የሚቆም ቦርድ እንሠራለን።

ለአዲሶች ትንሽ ላስረዳ። እዚህ አገር የባቡር ሞዴል የልጅ መጫወቻ ብቻ አይደለም፤ ጡረታ የወጡ መሐንዲሶች ሳይቀሩ ዕድሜያቸውን የሚሰጡት ነገር ነው። ኤግዚቢሽኑ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይደረጋል። ቅዳሜ ጠዋት ትተክላለህ፣ እሑድ ማታ ትነቅላለህ። ቤት ውስጥ ተቀብሮ የሚቀር ሞዴል ከሆነ የፈለግከውን ያህል ማክበድ ትችላለህ፣ የሚጓዝ ከሆነ ግን እያንዳንዱን ኪሎ በጀርባህ ነው የምትከፍለው።

የኔው ሞዴል ድሬዳዋ ጣቢያ ነው። የድሮው፣ የፈረንሳዩ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ሲደርስ ከተማዋም አብራ ተወለደች፤ አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ እስከ 1917 ጠበቀ። የሀዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በ1 ለ87 ስንቀንሰው 11.5 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ገበያ ላይ ያለው ቅርቡ ደግሞ ኤችኦኤም የሚሉት 12 ሚሊሜትር ነው፣ በተለይ ለስዊስ ተራራ ባቡሮች የሚመረት። (ከምኒልክ የመጀመሪያውን የባቡር ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1894 የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግም ስዊስ ነበር። ግጥምጥሞሽ ነው፣ ግን ደስ ይለኛል።)

[ምስል፦ የፕላስቲክ ማስመሪያ በሁለት ብርጭቆ መካከል]

እሺ፣ ወደ ሥራው። ይህን ማስመሪያ በሁለት ብርጭቆ ላይ በጀርባው አስተኝቼ መሃሉን በጣቴ ስጫነው ይኸው ጎበጠ። አሁን በጠርዙ አቁሜ ልጫነው። ንቅንቅ አይልም። ማስመሪያው ያው ነው፣ ክብደቱም ያው ነው፣ አንድ ግራም አልጨመርኩም። የተለወጠው አቋቋሙ ብቻ ነው።

ምስጢሩ ይኼው ነው። የአንድ ነገር ቁመት እጥፍ ሲሆን መጉበጥን የመቋቋም ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። እኔ ይህን ሳላውቅ ወፍራም እንጨት ጠንካራ ነው ብዬ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራውን ጣውላ) ገዛሁ። 120 በ60 ሴንቲ የሆነ ቁራጭ ብቻውን ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል። ሥሩ ፍሬም፣ ላዩ ጂፕሰም፣ ሀዲድ፣ ሽቦ ሲጨመር የበግ ሙክት መሸከም ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ግን፣ ከዚያ ሁሉ ክብደት በኋላ ዓመት ሳይሞላው መሃሉ ሰረጎደ።

አሁን የምጠቀመው 6 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ነው፣ ፕላይውድ የምትሉት። በርች ከሚባለው ዛፍ የተሠራውን ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ሙሉው ጣውላ 2440 በ1220 ሚሊሜትር ነው፤ የበርቹ ባለ 6 ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል። ቤት ውስጥ በእጅ መጋዝ አትታገሉ፣ የሚሸጡት ሱቆች ብዙዎቹ በማሽን ይቆርጡላችኋል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ የማሽኑ መጋዝ ራሱ 3 ሚሊሜትር ያህል እንጨት ይበላል። ጣውላውን ለሁለት ስትከፍሉት እኩል 1220 አይመጣላችሁም። እኔ ይህን አልቅሼ ተማርኩት። ስለዚህ ቦርዱን 1200 በ600 አድርጉት፣ የተረፈው ለስህተት ይሁን። ጎን የሚሆኑትን 100 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸውን ቁራጮች ደግሞ የማሽኑ ልክ ሳይለወጥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስቆርጡ። ዛሬ ሦስት፣ ነገ ሁለት ከተቆረጠ ቁመታቸው ይለያያል፤ ያኔ ቦርዱ እንደ ቡና ቤት ጠረጴዛ ይንገዳገዳል።

ከመቁረጥ በፊት ግን መኪናችሁን ለኩ! የኋላ በሩን ከፍታችሁ፣ ወንበሩን አጥፋችሁ፣ ሜትሩን ይዛችሁ ግቡ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ይሠራና ከዚያ ይለካል። ያው እንደኔ።

[ምስል፦ የጎን ምሰሶው በቅርብ፣ ኮላ ሲቀባ]

ረጅሙ ጎን አንድ ወፍራም እንጨት አይደለም። ሳንድዊች ነው። ሁለት ባለ 6 ሚሊሜትር ቁራጭ፣ መሃላቸው ላይ በየ30 ሴንቲው 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጥድ ቁራጭ። የቀረው ባዶ አየር ነው። ነጭ የእንጨት ኮላ ቀቡ፣ በሞርሳ አጥብቁ፣ ኮላው በጎን ትንሽ ጭምቅ ብሎ ሲወጣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሲደርቅ ያዙትና ለመጠምዘዝ ሞክሩ። እጃችሁ ላይ ምንም የሌለ ያህል ይቀላል፣ ግን እሺ አይላችሁም። እኔ የመጀመሪያውን ሠርቼ ሳሎን ውስጥ ለመጣው ሰው ሁሉ «እስቲ ጠምዝዘው» እያልኩ አሰልችቻለሁ።

ሁለት እንዲህ ያለ ጎን ከሠራችሁ በኋላ ዳርና ዳሩን በ12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ትዘጋላችሁ። ዳሩ ላይ ወፍራም የሆነበት ምክንያት አለው፣ እመለስበታለሁ። መሃል ላይ በየ30 ሴንቲው አግዳሚ ይገባል፤ የቦርዱ ላይኛው ገጽ ስስ ባለ 6 ሚሊሜትር ስለሆነ ከዚያ በላይ ክፍተት ከተተወለት ይሰረጉዳል። አግዳሚዎቹን ሳታጣብቁ በትራፓኖ ትልልቅ ቀዳዳ ብሱላቸው። ሽቦ ያልፍበታል፣ ክብደትም ይቀንሳል። በኋላ ተገልብጦ ተኝቶ መብሳት... አይ፣ እሱን ለጠላትም አልመኝም።

ሌላው፣ የሀዲዱን ፕላን በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አትሙና ከላይ አንጥፉት። ሀዲድ መቀየሪያው (ባቡሩ ከአንዱ ሀዲድ ወደ ሌላው የሚታጠፍበት) የሚያርፍበትን ምልክት አድርጉ። እሱን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ከሥር ነው የሚንጠለጠለው፣ አግዳሚ ላይ ካረፈ አለቀ። አግዳሚውን 5 ሴንቲ ወዲህ ማድረግ አሁን ነፃ ነው።

ስትገጣጥሙ ቀጥ ያለ ነገር ላይ ሁኑ። እኔ የመኝታ ቤቴን በር ነቅዬ መሬት ላይ አስተኝቼው ነው የሠራሁት። ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያው) ብቻውን አይበቃም፣ ማዕዘን ለማዕዘን በሜትር ለኩ። 1200 በ600 የሆነ ቦርድ ሰያፉ 1342 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለቱም ሰያፎች እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከበለጠ በረጅሙ ማዕዘን በኩል በጉልበታችሁ ገፋ አድርጉት። ኮላው ሳይደርቅ ነው እንግዲህ።

ከዚያ ላዩን አጣብቁ። ሲያልቅ ቫርኒሽ ላዩንም ሥሩንም ቀቡ። አብዛኛው ሰው የሚታየውን ብቻ ይቀባና ሥሩን ይተዋል። እንጨት ግን በአንድ ወገን እርጥበት ሲጠጣ በዚያው ወገን ያብጣል፤ ክረምት ላይ ማሞቂያ ሲበራ ደግሞ ይደርቃል። እንዲህ ሲል ሲል ይቆለመማል።

[ምስል፦ ሁለት ቦርድ ሲገጣጠም፣ የነሐስ መግጠሚያው በቅርብ]

አሁን ወደ ዋናው። ሁለት ቦርድ የሚገናኝበት ቦታ። ባቡር ከሀዲድ የሚወጣው፣ ሰው ፊት የሚያሳፍራችሁም እዚህ ላይ ነው። በ1 ለ87 አንድ ሚሊሜትር ስታችሁ ማለት እውነተኛው ባቡር 87 ሚሊሜትር ሳተ ማለት ነው። ከአንድ ጡብ ውፍረት ይበልጣል!

በመጀመሪያው ሞዴሌ ሁለት ብሎን ብቻ ነበር የሰጠሁት። አጥብቄ እንደማስተካክለው አሰብኩ። ብሎን ግን ይስባል እንጂ ቦታ አያስይዝም፣ ቀዳዳው ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ መጫወቻ አለው። ቦታ የሚያስይዘው ይህ ነው። ከነሐስ የተሠራ ወንድና ሴት መግጠሚያ። ወንዱ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው፣ ሴቷ ጎድጓዳ ናት። በአንድ መገጣጠሚያ ሁለት ጥንድ ይበቃል፣ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ፣ በተቻለ መጠን ተራርቀው። መጀመሪያ የፋብሪካ ሻጋታ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ነበር፣ ዛሬ የባቡር ሞዴል ሰው ሁሉ ይገዛዋል። ዳሩን ባለ 12 ያደረግነው ለዚህ ነው፤ ስስ ከሆነ የሚነክስበት አያገኝም።

ተንኮሉ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሁለቱን ዳር እንጨቶች ከቦርዱ ጋር ሳታጣብቁ በፊት አንዱን ባንዱ ላይ አድርጋችሁ በሞርሳ ጨምቁና ሁለቱን በአንድ ጊዜ ብሱ። ለየብቻ ለክቼ እበሳለሁ ብላችሁ አትመኑ። ከዚያ ጥንዶቹ ላይ በእርሳስ ሀ እና ሀ፣ ለ እና ለ ብላችሁ ጻፉ፣ ምክንያቱም ከሳምንት በኋላ የቱ ከየቱ እንደሆነ ትረሱታላችሁ። የብሎኑን ቀዳዳ ግን ሆን ብላችሁ አስፉት፦ ለባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ ከሰፊ ሮንዴላ (ብሎኑ ሥር ከምትገባው ቀዳዳ ያላት ክብ ስስ ብረት) ጋር። ነሐሱ ያስተካክል፣ ብሎኑ ይያዝ። ሁለቱ ሥራቸውን እንዳይቀላቅሉ።

ሀዲዱንስ? ቦርዶቹን ግጠሙና ሀዲዱን ሳትቆርጡ ከአንዱ ወደ ሌላው አሻግሩት። ጠርዙ ላይ በሁለቱም በኩል ጫፉ ሹል የሆነ የነሐስ ብሎን አስገቡና ሀዲዱን ጭንቅላቱ ላይ በካውያ በይዱት። ሲቀዘቅዝ በስስ መጋዝ መገጣጠሚያው ላይ ቁረጡ። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች መቼም አይተላለፉም።

[ምስል፦ እግሮቹ ሲሰኩ]

እግር። ከቦርዱ ጋር በማጠፊያ ተያይዞ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ እግር የሚወዱ አሉ። ሥርዓት ያለው ይመስላል። እኔ ግን አልወደድኩትም፣ ሲታጠፍ ሽቦውን ይጎትታል፣ አንዴም የመቀየሪያ ሞተር ሰብሮብኛል። ተነቅሎ የሚወጣ ይሻለኛል። ሁለት ባለ 45 በ20 ሚሊሜትር የጥድ እንጨት፣ በሁለት አግዳሚ ተያይዘው፣ መሰላል መሳይ ነገር። ጫፋቸው ዳር እንጨቱ ሥር በተሠራ ኪስ ውስጥ ይሰካል፣ አንድ ብሎን ይይዘዋል። ከእግሩ ታች ወደ ቦርዱ ሆድ ሰያፍ ድጋፍ ይሄዳል። ይህን ድጋፍ አትዝለሉት። አራት ማዕዘን በጎን ስትገፉት ይወድቃል፣ ሦስት ማዕዘን አይወድቅም፤ ድጋፉ ካለ እግሩ ቀጭን ቢሆንም ችግር የለውም።

ደግሞ ለእያንዳንዱ ቦርድ አራት እግር አትሥሩ! የመጀመሪያው ብቻ አራት ይኑረው። ሁለተኛው በአንድ በኩል ጎረቤቱ ትከሻ ላይ ተደግፎ በሌላው በኩል ሁለት እግር ይበቃዋል። ሦስተኛውም እንደዚያው። ለአራት ቦርድ 16 ሳይሆን 10 እግር ማለት ነው።

የአዳራሽ ወለል ደግሞ ልብ ያወልቃል። ስለዚህ እግሩ ጫፍ ላይ ባለ ጥርስ ዳዶ (ብሎን የሚጠመዘዝበት) በመዶሻ አስገቡና ባለ 8 ብሎን እንደ ጫማ አድርጉለት። አንድ ዙር 1.25 ሚሊሜትር ከፍ ያደርጋል። ሊቬላውን (ውኃ ልኩን) ላዩ ላይ አስቀምጦ ከሥር እያዞሩ መጨረስ ሁለት ደቂቃ ነው። በፊት ካርቶን እያጠፍኩ ነበር የምደግፈው።

ከፍታውን እኔ 1.1 ሜትር አድርጌዋለሁ። ከዚያ ዝቅ ካለ ሞዴሉን ከሰማይ የምታዩት ይመስላል። ልጆች አይደርሱበትም የሚል አቤቱታ አለ፣ ትክክል ናቸው፤ ለነሱ ትንሽ መወጣጫ ይዤ እሄዳለሁ።

ፎምስ ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ የቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ጠጣሩ ፎም በጣም ቀላል ነው፤ 5 ሴንቲ ውፍረት ያለው 120 በ60 ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ግን ብሎን አይዝም፣ ዳሩ ይፈረፈራል፣ አንዳንድ ኮላ ደግሞ እንደ ቅቤ ያቀልጠዋል። እኔ ለኮረብታው እጠቀምበታለሁ፣ ለመሠረት ግን አላምነውም።

[ምስል፦ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን]

በሉ እንመዝነው። እኔ ብቻዬን፣ 74 ኪሎ። ይቅርታ፣ 75። አሁን ቦርዱን ይዤ። 81.8። ማለትም ቦርዱ ያለ እግሩ 7 ኪሎ እንኳ አልሞላም። ድሮ ላዩ ብቻ 10 ነበር።

ይህንኑ ቦርድ ባለፈው ለአንድ ጋሼ አሳየኋቸው፤ በወጣትነታቸው ድሬ ምድር ባቡር የሠሩ ናቸው። በአንድ እጃቸው አነሱት፣ ገለበጡት፣ ሥሩን አዩ። ስለ ጣቢያው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። «ብሎኑ ሮንዴላ አለው?» ነው ያሉኝ። አለው ጋሼ። በሁለቱም በኩል።

ሁለተኛው ቦርድ ያው በሩ ላይ ተኝቷል፣ ኮላው ነገ ይደርቃል። እስከዚያ የመኝታ ቤቴ በር ክፍት ነው።