የናፍጣው ባቡር ምን አጠፋ?

እንደምን አላችሁ ወገኖቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ከደብረ ማርቆስ ብቻዬን ነኝ። ወሬዬ ስለ ባቡር ነው። ጎጃም ቁጭ ብሎ ስለ ባቡር? አዎ! ሐዲድ ባይኖረንም አፍ አለን።

የባቡር ሙዚየም አሮጌ የከሰል ባቡር ሲያገኝ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። እሳቱ፣ ጭሱ፣ መንኮራኩሩን የሚገፋው ብረት፣ ሁሉም ፊት ለፊት ይታያል። የናፍጣ ባቡር ሲገባ ግን "ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?" ይባላል። ከውጭ ሲያዩት ትልቅ የብረት ሳጥን ነዋ። እኔ ግን ቶሎ መያዝ ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ። ማንም ስለማይሳሳለት ቀድሞ ተቆራርጦ የሚሸጠው እሱ ነው።

እንግሊዞች ዴልቲክ የሚባል የሙከራ ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎ የሚጎትት የናፍጣ ባቡር፣ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 ተሠራ። ለጦር ጀልባ ታስቦ የተፈጠረ ዓይነት ሞተር ሁለት ተጭኖበት፣ 3,300 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። በ1963 የለንደኑ ሳይንስ ሙዚየም ወሰደው። ገና አሮጌ እንኳ ሳይባል! በ1993 ደግሞ ዮርክ ወዳለው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ተዛወረ። እንዲህ ነው እንጂ።

አሁን ወደ ሆዱ እንግባ። የናፍጣ ወፍጮ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሞተሩ ቺንጋውን ያዞራል፣ ቺንጋው ድንጋዩን። የብዙዎቹ ትልልቅ የናፍጣ ባቡሮች ሞተር ግን መንኮራኩሩን ጭራሽ አይነካውም። ጄኔሬተር ነው የሚያዞረው። ኤሌክትሪኩ በገመድ ወርዶ ከታች ያሉትን ሞተሮች ያንቀሳቅሳል፣ እነሱ ናቸው ባቡሩን የሚጎትቱት። ጎብኚ ይሄን ከየት ያውቃል? ቀለም ቀብተው ቢያቆሙለት ሳጥን አይቶ ሰልፊ ተነስቶ ይሄዳል። ስለዚህ ሙዚየሙ ብረቱን ሲረከብ መካኒኩንም አብሮ ይረከብ። ጡረታ ወጥቶም ቢሆን ይፈለግ። የቱ ድምፅ የጤና፣ የቱ የብልሽት እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው። መዝገቡም፣ እጀታው ያለቀው መፍቻም አይጣል።

እኛም እኮ አለን። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የነበረው የድሮው መስመር አሮጌ ባቡሮች ድሬዳዋ ጋራዥ ቆመዋል። አንዱን አዲስ አበባ አምጥተን ሙዚየም እናስገባ ብንል፣ በአዲሱ ሐዲድ አይሄድም። የድሮው ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። በሎቤድ ተጭኖ በአስፋልት መምጣቱ ነው። ወጪው ቀላል አይደለም፣ ግን ይቻላል።

ለማንኛውም፣ አባቱ ወይ አያቱ ድሬ ባቡር ጋራዥ የሠራ ካለ፣ ድምፃቸውን ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ። ያ ሞተር ጠዋት ጠዋት እንዴት ይነሳ እንደነበር ይንገሩን፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ።