084፣ 087፣ 09፦ የእንግሊዝ ውድ የስልክ ቁጥሮች

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራው እንግሊዝ አገር ስለሚደወልባቸው፣ የየትም ከተማ መለያ ስላልሆኑ ቁጥሮች ነው። 020 ለንደን ነው፣ 0121 በርሚንግሃም። 084፣ 087፣ 09 እና 118 ግን የአካባቢ ኮድ አይደሉም፤ የክፍያ ዓይነት ናቸው።

በፈረንጆቹ ጁላይ 1 ቀን 2015 የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ኦፍኮም የእነዚህን ቁጥሮች ዋጋ ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ሰርቪስ ቻርጅ ነው፤ እሱን የምትደውሉለት ድርጅትና ቁጥሩን ያከራየው የስልክ ኩባንያ ይካፈሉታል። ሁለተኛው አክሰስ ቻርጅ ነው፤ ይሄ የሚገባው ለራሳችሁ የስልክ ኩባንያ ነው። ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው የመጀመሪያውን በፔንስ መጻፍና "የስልክ ኩባንያዎ አክሰስ ቻርጅ ይጨመራል" ማለት አለበት።

ሰርቪስ ቻርጁ ጣሪያ አለው። በ084 በደቂቃ እስከ 7 ፔንስ፣ በ087 እስከ 13 ፔንስ። በ09 በደቂቃ እስከ 3 ፓውንድ ከ60፣ ወይም በአንድ ጥሪ እስከ 6 ፓውንድ። 118 የስልክ ማውጫ ነው፤ ከ2019 ጀምሮ በ90 ሰከንድ ከ3 ፓውንድ ከ65 እንዳያልፍ ተደርጓል።

አክሰስ ቻርጁስ? ጣሪያ አልተበጀለትም። ኩባንያው በአንድ ታሪፍ ውስጥ አንድ ዋጋ ብቻ እንዲኖረውና በግልጽ እንዲያሳውቅ ነው የተገደደው። እኔን የማያሳምነኝ እዚህ ላይ ነው። የሻዩ ዋጋ ተወስኖ የወንበሩ ኪራይ እንደተተወ ማለት ነው።

ለምሳሌ የሞባይላችሁ አክሰስ ቻርጅ በደቂቃ 65 ፔንስ ነው እንበል። ባለ 7 ፔንስ 084 ላይ ደውላችሁ 20 ደቂቃ ሙዚቃ እየሰማችሁ ወረፋ ጠበቃችሁ። ሂሳቡ 14 ፓውንድ ከ40 ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ሰርቪስ ቻርጁ 1 ፓውንድ ከ40 ብቻ ነው፤ 13ቱ ፓውንድ የራሳችሁ ኩባንያ ጋ ቀረ። የወር ጥቅላችሁ "ያልተገደበ ደቂቃ" ቢልም አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ቁጥሮች አይጨምርም።

ወደ ኢትዮጵያ በርካሽ ያስደውላሉ የሚባሉት የ084 እና የ087 መግቢያ ቁጥሮችም (መጀመሪያ እነሱን ደውላችሁ፣ ከዚያ የኢትዮጵያውን ቁጥር የምታስገቡባቸው) እዚሁ ሂሳብ ውስጥ ይወድቃሉ። "በደቂቃ 5 ፔንስ" የሚለው ሰርቪስ ቻርጁ ብቻ ነው። ከሞባይልም ሆነ ከቤት ስልክ ስትደውሉ አክሰስ ቻርጁን ደምሩበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? 0800፣ 0808 እና 116 ከሞባይልም ነጻ ናቸው። በ03 የሚጀምር ሁሉ እንደ ተራዎቹ የከተማ ቁጥሮች፣ እንደ 01 እና 02፣ ይቆጠራል፤ ጥቅላችሁ እነሱን ከያዘ 03ንም መያዝ ግዴታው ነው። አንድ ዘዴም አለ፤ የ084 እና የ087ን 8 በ3 ለውጡት። 0845 የነበረው 0345፣ 0870 የነበረው 0370 ይሆናል። 034 እና 037 ለነባሮቹ ቁጥር ባለቤቶች የተያዙ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ እዚያው ድርጅት ጋ ያደርሳሉ። ድርጅቱ ካላስከፈተው ግን መስመሩ አይሠራም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቁጥር ስትፈልጉ ጉግል ላይ ከላይ የሚወጣውን ማስታወቂያ እለፉት። ብዙ ጊዜ ጥሪውን አዙሮ የሚያገናኝ፣ በመሃል የሚያስከፍል ነጋዴ ነው። ትክክለኛው ቁጥር የመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ አለ።

ከ070 ተጠንቀቁ፤ ሞባይል ይመስላል እንጂ አይደለም። ከ2019 ወዲህ የስልክ ኩባንያዎች አንዱ ለሌላው የሚከፍሉት ዋጋ ቢገደብም፣ የእናንተ ታሪፍ ላይ ስንት እንደሆነ ሳታዩ አትደውሉ።

ገዝታችሁ የጨረሳችሁት ነገር ሲበላሽ ደግሞ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ከጁን 2014 ጀምሮ፣ ስለ ገባችሁት ውል ለመጠየቅ የተሰጣችሁ መስመር ከተራ ጥሪ ዋጋ በላይ ካስከፈላችሁ፣ ሻጩ ልዩነቱን መመለስ አለበት። የሽያጭ መስመር አይካተትም። ልዩነቱን ለመጠየቅ የስልክ ሂሳባችሁ ላይ ያለውን ቁጥር፣ የደቂቃውን ብዛትና የተቆረጠውን ገንዘብ አያይዛችሁ ለሻጩ በጽሑፍ ላኩ፤ ለስልክ ኩባንያው ብትልኩት መልስ አታገኙም።