ነፃ ንግድ ለማን? (ስለ ከርክማን ፊንሌይ የተደረገ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ የግላስጎ ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ለዛሬው የታሪክ ምሽት የተሰጠኝ ርዕስ «ግላስጎን ያበለጸጉ ነጋዴዎች» የሚል ነው። ነጋዴዎቹ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን አንዱን ብቻ ይዤ ልቆይ። ስንቶቻችን በቀን ሁለቴ ኩዊን ስትሪት ባቡር ጣቢያ እንገባለን፣ እንወጣለን። ከዚያ አጠገብ፣ በጆርጅ አደባባይ ጥግ የነጋዴዎች ማኅበር ሕንፃ አለ። የእብነ በረድ ሐውልት የቆመለት ከርክማን ፊንሌይ የዚያ ማኅበር ሰው ነው። ሲመሰገን «የነፃ ንግድ አርበኛ» ይሉታል። እኔ የመጣሁት ይህችን ምስጋና ልሞግት ነው።

የሚገባውን አልነሣውም። በ1790 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) አባቱ ሲሞቱ ድርጅቱን የተረከበው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ነበር። የጥጥ መፍተያ ፋብሪካዎቹን አንድ በአንድ ገዛ፦ በ1798 ባሊንዳሎክን፣ በ1801 ካትሪንን፣ በ1808 ዲንስተንን። ሦስቱም ወንዝ ዳር ናቸው፤ መዘውሩን የሚያዞረው ውሃ ነበርና። ናፖሊዮን በ1806 አውሮፓን በእንግሊዝ ዕቃ ላይ ሲዘጋ፣ ፊንሌይ በሄሊጎላንድና በማልታ ደሴቶች መጋዘን ከፍቶ ፈትሉን በጓሮ በር አስገባ። የምሥራቅ ህንድ ኩባንያን ሞኖፖሊም ታግሏል። በ1813 የህንድ ንግድ ሲከፈት ሕጉ ከ350 ቶን በታች የሆነ መርከብ አይሄድም ይል ነበር፤ እሱ በ1816 ባለ 600 ቶኑን መርከብ «በኪንግሃምሻየር» ከወንዛችን ከክላይድ በቀጥታ ወደ ህንድ ላከ። ጎበዝ ነጋዴ ነበር፣ ምን ይባላል!

ግን ያን ፈትል ማን ነበር የሚሸምነው? በየመንደሩ ያለ የእጅ ሸማኔ። አሠሪው ድርና ማጉን ይሰጠዋል፣ ሲጨርስ በቁርጥ ዋጋ ይከፍለዋል። ከዚያች ዋጋ ላይ የሽመና ዕቃው ኪራይ ይወጣል፤ ድሩ እንዳይበጠስ የሚቀባው የዱቄት ሙቅ ይወጣል፤ የሻማው፣ ማግ የሚያጠነጥንለት ልጅ ክፍያ ይወጣል። ዋጋው በአንድ ሳንቲም ሲወርድ ወጪዎቹ አብረው አይወርዱም። የሚጎድለው ከእንጀራው ነው።

በ1812 ሸማኔዎቹ ድንጋይ አልወረወሩም። ፍርድ ቤት ነው የሄዱት! ዳኞቹ የሽመናውን ዋጋ ዝርዝር አይተው «ተገቢ ነው» አሉ። ፍርዱ ግን አሠሪው እንዲከፍል የሚያስገድድ አልነበረም፤ አሠሪዎቹም አንከፍልም አሉ። ሸማኔው ሥራ አቆመ። ከሳምንታት በኋላ መሪዎቹ ተያዙ፣ ታሰሩ። የፈረደላቸው ሕግም በ1813 ተሻረ። የዚያን ጊዜ የከተማው ከንቲባ ማን ነበር? ይኸው ፊንሌይ፤ ከአሠሪዎቹም ዋነኛው።

በዚያው በ1812 ለምክር ቤት አባልነት ሲመረጥ ሕዝቡ ፈረሶቹን ፈትቶ ሠረገላውን በእጁ እየጎተተ ኩዊን ስትሪት ቤቱ አደረሰው። በ1815 የእህሉን ሕግ ደገፈ፤ የአገሩ ስንዴ ዋጋ በኳርተር (የእህል መስፈሪያ ነው) 80 ሺሊንግ ሳይደርስ የውጭ ስንዴ እንዳይገባ የሚከለክለውን። ለጥጡ ነፃ ንግድ፣ ለዳቦው አጥር! ያው ሕዝብ ተመልሶ የቤቱን መስኮት ሰባበረ።

የባሰው ቀጥሎ ነው። በ1816 መጨረሻ አሌክሳንደር ሪችመንድ የተባለውን፣ የ1812ቱን አድማ ከመሩት አንዱን ሸማኔ፣ ፊንሌይ ወሬ አምጪ አደረገው፤ የሰማውንም ለሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ሲድመዝ አስተላለፈ። ወዲያው እስር ሆነ። በሐምሌ 1817 የካልተን ሰፈሩ ሸማኔ አንድሩ ማኪንሌይ በኤድንብራ ለፍርድ ቀረበ። የዐቃቤ ሕጉ ምስክር ጆን ካምቤል ምስክርነቱን ከመስጠቱ በፊት፣ ለማንኛውም ምስክር የሚቀርበው ጥያቄ ቀረበለት፦ ለምስክርነትህ የተሰጠህ ወይም ቃል የተገባልህ ነገር አለ? አዎ፣ አለ። አዳራሹ በሙሉ እየሰማ! ምስክርነቱ ውድቅ ሆነ፣ ክሱም አልተረጋገጠም ተባለ።

የቀረውን ላሳጥር። በ1833 የልጆችን የፋብሪካ ሰዓት የሚገድበውን ሕግ ተቃውሞ፣ ረቂቁን ላቀረበው ለሎርድ አሽሊ ደብዳቤ አሳተመ። በ1842 ሞተ። ህንድ ውስጥ በዚህ ፈትል ስለተጎዳው ሸማኔ ሌላ ምሽት ይበቃ ይሆናል።

በእጃችሁ ባለው የፕሮግራም ወረቀት ላይ፣ ሦስተኛው መስመር «የነፃ ንግድ አርበኛ» ይላል። አዘጋጆቹ በድጋሚ ሲያትሙት «የጥጥ ነጋዴ፣ የከተማው ከንቲባና የምክር ቤት አባል» ብለው እንዲያርሙልኝ እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።