መሣሪያው አለ፤ ግን ይሠራል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጓጉንቸር ነው።

እንግሊዝ አገር፣ ባንስፊልድ የነዳጅ ማከማቻ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 11 ቀን 2005። እሑድ ነው፣ ሊነጋ ሲል። ታንክ 912 ውስጥ ቤንዚን በቧንቧ እየገባ ሳለ የመጠን መለኪያው ባለበት ቀጥ አለ። ነዳጁ ከፍ ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን አይነቃነቅም። ለዚህ ጊዜ ተብሎ የተቀመጠ ሁለተኛ መሣሪያ ነበር፦ ታንኩ ሊሞላ ሲል መሙላቱን በራሱ የሚያቋርጥ። እሱም አልሠራም። መሣሪያው የመፈተሻ እጀታ አለው፤ እጀታውን በትክክለኛው ቦታ ይዞ የሚያቆየው ጓጉንቸሩ ነው። የማከማቻው ሰዎች ግን ጓጉንቸሩ ሌላ ሰው እንዳይነካካው ብቻ የተሰጠ መስሏቸው ሳይገጥሙት ቀሩ።

ከ250,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ፈሰሰ። ከታንኩ አናት እየወረደ ተረጨ፣ ተነነ፣ ጭጋግ ሆኖ መሬት ለመሬት ተስፋፋ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ በታንኮች ዙሪያ የሚሠራው ግንብ፣ ብዙ ጊዜ የትልቁን ታንክ 110 በመቶ እንዲይዝ የሚጠየቀው፣ ፈሳሽ ያቆም እንደሆነ እንጂ እንፋሎት አያቆምም። እንፋሎቱ ግንቡን ተሻግሮ ከግቢው ወጣ፤ ከዚያ ፈነዳ። 43 ሰው ቆሰለ፤ የሞተ የለም። የሥራ ቀን ረፋድ ላይ ቢሆንስ ኖሮ?

ስለዚህ ተቆጣጣሪ «መሣሪያው አለ?» ብሎ ምልክት አድርጎ ቢሄድ ምንም አልሠራም። የማስጠንቀቂያ መብራቱን በቁልፍ አብርቶ ማየት መብራቱን ብቻ መፈተሽ ነው። መፈተን ያለበት ከመለኪያው እስከ ቫልቩ ያለው ሰንሰለት በሙሉ ነው፦ ከፍታው ደርሷል ሲባል ቫልቩ በርግጥ ይዘጋል? በስንት ሰኮንድ? ከፈተናው በኋላ እጀታው መመለሱን ሌላ ሰው አይቶ ፈርሟል? በ1984 ሕንድ አገር፣ ቦፓል ውስጥ ከፋብሪካ መርዛማ ጋዝ ባመለጠ ጊዜም የማቀዝቀዣው ሥርዓት ጠፍቶ፣ ጋዙን የሚያቃጥለው መስመርም ተቋርጦ ነበር። ፋብሪካው ሲገነባ ግን ሁሉም ተገጥመው ነበር።

በሚከማቸው አደገኛ ኬሚካል መጠን ላይም ማምለጫ አለ። በአውሮፓ ሕግ፣ ሴቬሶ በሚባለው፣ ፋብሪካው ቁጥጥር ውስጥ የሚገባበት ዝቅተኛው ወለል ለክሎሪን 10 ቶን፣ ለአሞኒያ 50 ቶን ነው። 6 ቶን ክሎሪንና 25 ቶን አሞኒያ ያለው ሰው «ሁለቱም ከወለሉ በታች ናቸው» ሊል ይችላል። አይሆንም፤ ድርሻቸው ይደመራል፦ 0.6 ሲደመር 0.5፣ 1.1። አንድን ካለፈ ገባ ማለት ነው። የሚቆጠረውም ዛሬ መጋዘን ውስጥ ያለው ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ቀን ሊኖር የሚችለው ከፍተኛው መጠን ነው። ጭነት የሚገባበትን ቀን ያልቆጠረ ሒሳብ ዋጋ የለውም።

በፋብሪካውና በመኖሪያ ቤቶች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የባሰ ነው፤ ፋብሪካው ባይንቀሳቀስም ቤቶቹ ይመጣሉ። በ2001 ፍንዳታ የደረሰበት፣ ፈረንሳይ አገር ያለው የቱሉዝ ፋብሪካ ሲቋቋም ከከተማው ውጭ ነበር። የፋብሪካ ፈቃድ የሚሰጠው አንድ ቢሮ፣ የቤት ግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ ቢሮ ከሆነ፣ የአደጋው ክልል ካርታ ሁለተኛው ቢሮ ጠረጴዛ ላይም መኖር አለበት፤ የሚከማቸው መጠን በተለወጠ ቁጥርም ካርታው እንደገና መሠራት አለበት።